ከደጃፍ ወዲህ

ዓባይነህ ታላቅ ወንድሙን «አያ» ብሎ የሚጠራው ሲቸግረው ብቻ ነው። ይህን ሞላ ከማንም በላይ ያውቃል። በደህናው ቀን ከቢሮ ጓደኞቹ ጋር በመካነ ሰላም ዋና መንገድ ሲያልፍ ሞላን ከሩቅ ያይና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይሄዳል፣ ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ባላገር ያየ ይመስል። ያን ቅዳሜ ግን ገበያው መሀል፣ ሞላ የባቄላ ጆንያውን አውርዶ ወገቡን እያቀና ሳለ፣ ያ የተወለወለ ጫማ ጭቃውን ረግጦ መጣና ፊቱ ቆመ።

«አያ፣» አለ። «አያ ሞላ፣ እባክህ አንዴ ላናግርህ።»

ሞላ ጎንበስ ብሎ የጆንያውን አፍ መፍታት ያዘ። «ማን ሞተ?»

«የሞተ የለም። ሄለን ናት።»

የጆንያውን አፍ የሚፈታው እጅ ቆመ።

ሄለን የእኅታቸው የአልታዬ ልጅ ናት። ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። የአልታዬ ቤት ቆርቆሮ የእሷ ነው፣ ደሴ የሚማሩት የወንድሞቿ ልብስና ደብተር የእሷ ነው፣ ዓባይነህ በየሰርጉ የሚንቀባረርበት ኮት ሳይቀር የእሷ ነው።

«አመማት፣» አለ ዓባይነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አትተኛም። እህል አትቀምስም። ሴት ትጠራኛለች ነው የምትለው። በስሜ ትጠራኛለች፣ በበረንዳው በኩል።»

«በበረንዳው?»

«አምስተኛ ፎቅ ነው አያ።»

ሞላ ገባው። በዚያ አገር ይህ የማይገባው ሰው የለም። ከዚያ በሳጥን የመጣች ልጅ ቀብር ላይ ያልቆመ ማን አለ? «ከፎቅ ወደቀች» ይባላል። ሌላ የሚባል ነገር የለም፤ አፈር ተመልሶ ወደ ቤት ይኬዳል።

«ሐኪም ዘንድ ውሰዷታ!»

«ወስደዋታል። የእንቅልፍ ክኒን ሰጧት። ክኒኑን ውጣ ቁጭ ብላ ታድራለች።»

«እና እኔን ምን ሁን ነው የምትለኝ? ክኒን ልሁን?»

ዓባይነህ ዙሪያውን ቃኘ። የሚያውቀው ሰው አለመኖሩን አይቶ ጠጋ አለ። «አልታዬ ቦረንትቻው ይደረግ ትላለች። በአባታችን ቤት። እና እንግዲህ… ታላቅ ካልባረከው አይሆንም።»

ሞላ ሳቀ። ሳቁ ከመጮኹ የተነሣ ቅቤ ሻጮቹ ዞረው አዩት።

«አንተ ነህ ይህን የምትለኝ? አንተ! በል ድገመው። ጮክ ብለህ ድገመው፣ እነዚያ የቢሮ ሰዎችህም ይስሙ!»

ቦረንትቻ የቤቱ ልማድ ነው። በየዓመቱ ግንቦት ላይ በአባታቸው ቤት በግ ይታረድ ነበር። ታላቁ የበጉን ራስ ይዞ ይመርቃል፣ የቤቱ ሰው በየተራ እጁን በበጉ ጀርባ ላይ ያሳርፋል። የውጭ ሰው አይገባም፣ አያይም። ሥጋው ከደጃፍ አይወጣም፤ አጥንቱ እንኳ እዚያው ይቀበራል። በጉ ከታረደ በኋላ ደግሞ ውስጥ የነበረ ሰው እስኪነጋ ድረስ ደጃፉን አያልፍም፤ ሕፃንም ቢሆን፣ ታማሚም ቢሆን። ለማን ነው የሚታረደው ብሎ የጠየቀ እንደሆነ እናታቸው አፏን በነጠላዋ ከልላ «ለባለቤቷ» ትል ነበር። ስም አትጠራም። የደብሩ ቄስ ይቆጡ ነበር። እሷም ቁጣቸውን አጎንብሳ ሰምታ፣ ጠበሏን ቀምሳ፣ ዓመት ሲደርስ በጓን ታሳርድ ነበር።

ሞላ ከሰባተኛ ክፍል ነው የወጣው። አባታቸው ሲሞት ሞፈር የሚጨብጥ ሰው ጠፋ። ዓባይነህ ይማር ተባለ፣ አልታዬ ትማር ተባለ። እሱን ማንም አልጠየቀውም። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ሲመሻሽ በሬዎቹን እየነዳ ሲመለስ፣ ከቤታቸው በላይ ካለው ጉብታ፣ ከትልቁ ወይራ ሥር፣ ሴት ቆማ አየ። ነጭ ለብሳለች። በእጇ መብራት ይዛለች። ነፋሱ የወይራውን ቅርንጫፍ ያመሳቅለዋል፣ መብራቱ ግን አይርገበገብም። ዞር ብላ አየችው። እንደምታውቀው ሰው ነው ያየችው። በሬዎቹም ቆመው አዩ።

ይህን ቤት ገብቶ ተናገረ። ዓባይነህ ደግሞ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ወስዶ አወራው። አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ኩራዝ ሥሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀበት። ከዚያ ወዲያ ሞላ፣ ሞላ መሆኑ ቀረ፤ ኩራዙ ሆነ። ገበያ ሲወጣ «ኩራዝ! ጋዝ አለህ?» ይሉታል። ሽማግሌ የላከባት ልጅ «ለሚቃዥ ሰው ልትሰጡኝ ነው?» ብላ አለቀሰች ተባለ፤ ሌላ አገባች። እሱም ሌላ አልጠየቀም። ዛሬም ነገሩን የማያውቁ፣ አባቶቻቸው እንኳ ያኔ ያልተወለዱ ልጆች፣ ኩራዙ ይሉታል።

መጀመሪያ ተከራከረ። ቆይቶ ሰለቸውና «አላየሁም» አለ። «ርቦኝ ነው» አለ። እናቱ ስትሞት ቦረንትቻውን ያስቀረው ራሱ ነው። ጉብታው ላይ የነበረውን ወይራ ጥለው የስልኩን አንቴና ሲያቆሙ ከእርሻው ዳር ቆሞ ተመለከተ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

«አላየሁም እያልኩ ዕድሜዬን ጨረስኩ!» አለ አሁን፣ ጣቱን ወንድሙ ደረት ላይ ቀስሮ። «እናንተ ናችሁ ያስባላችሁኝ። ዛሬ ሲጨንቃችሁ አይተሃል በል ትሉኛላችሁ? የለም! ተረት ነው። ሂድና ዲግሪህን ድገምላት!»

ዓባይነህ ስልኩን አውጥቶ ነካ ነካ አደረገና ወደ ሞላ ጆሮ አስጠጋው። የተቀዳ የሄለን ድምፅ ነበር። ቀጥኗል፣ ደክሟል።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው እንዲባርከው አልፈልግም። አያዬ ሞላ ይሁኑ። እሳቸው ያውቋታል።»

ሞላ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

ሄለን ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ልጆች ከአጥር ውጭ ኩራዙ ሲሉት ሰምታ፣ መጥታ ጭኑ ላይ ወጣች። «አያዬ፣ ሴትዮዋ ቆንጆ ናት?» አለችው። ውሸት ነው ወይ አላለችም። ርቦህ ነው ወይ አላለችም። ቆንጆ ናት ወይ ነው ያለችው። በዚህች ምድር ላይ ነገሩን እንዲህ አድርጎ የጠየቀው ሌላ ሰው የለም። ያን ዕለት ምን ብሎ እንደመለሰላት አያስታውስም፤ ምናልባት ምንም አላለም።

«ማክሰኞ፣» አለ ጥርሱን ነክሶ። «በጉን አንተ ታመጣለህ። ጥቁር፣ ግንባሩ ቦቃ። ሌላ ቦታ ነጭ ጠጉር ካየሁበት ቢላዋውን የማነሣው በአንተ ላይ ነው።»

ማክሰኞ በጉን የጎተተው ግን ዓባይነህ አልነበረም። ሃሩን ነው፣ ከገበያ ገበያ በግ የሚነግደው ሙስሊሙ ጎረቤታቸው። እስከ ደጃፉ አመጣውና አንዲት እርምጃ ሳይጨምር ቆመ። ልማዱን ያውቃል።

«አብሽር ሞላ! አላህ ዓፊያዋን ይመልስላት። በግህን ተረከብ። ይህን ደግሞ ያዝ።» ከኪሱ ፓወር ባንክ አውጥቶ አቀበለው። «ሞልቼዋለሁ።»

«ምን ሊያደርግልኝ?»

«የድሮዎቹ ጂኖች ጫትና ቅቤ ይበቃቸው ነበር። የዛሬዎቹ ቻርጅ ሳይደረግ አይመጡም።»

«ሂድ ከዚህ!» አለ ሞላ። ፓወር ባንኩን ግን አልመለሰም። ሃሩን በዕድሜው አንድ ቀን ኩራዙ ብሎት አያውቅም፤ ሌሎች ሲሉ ግን ስቋል። ሞላ ሁለቱንም አልረሳም።

ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ደጁ ተዘጋ። ውስጥ ሞላና ዓባይነህ ነበሩ፣ አልታዬም፣ በጉም። የዓባይነህ ሚስት እንዲህ ያለ ቤት እግሬን አላነሣም ብላ ቀርታለች። ዓባይነህ ስልኩን ደወለ። ከብዙ ጥሪ በኋላ በስልኩ መስታወት ላይ ሄለን ብቅ አለች።

ሞላ ስልኩ ባለ ቁልፍ ነው። ልጅቱ ከሄደች ወዲህ ፊቷን አላየም። አሁን ያየው ፊት ተሟጦ ዓይን ብቻ ቀርቶታል። ከኋላዋ ሌላ ሴት ልጅ ቆማለች።

«አንቺስ የማን ነሽ?» አለ ሞላ ቆጣ ብሎ።

«ኡምኩልሱም ነኝ አባባ፣ የወግዲ ልጅ። እዚህ ቤት አብረን ነው የምንሠራው። መዳሟ ዘመድ ጋ ሄዳለች፣ አይዞዎት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። በእኛም ቤት ነበረ እኮ፤ አያቴ በስንጥቅ እንኳ እንዳላይ በቁንጥጫ ነበር የምታባርረኝ።»

ዞረች። ሞላ ሳይወድ በግድ ደስ አለው። እዚያ ማዶ ያለች የማያውቃት ልጅ ወግ ታውቃለች፤ የገዛ ወንድሙ ግን ጉሮሮውን እየጠረገ ነው።

«አያ፣ አንድ ነገር ላንሳ። ልማዱ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው የሚለው። የመጣው ምስሏ ነው እንጂ እሷ ያለችው ሪያድ ነው። ምናልባት ስሟን ብቻ ብንጠራ…»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማለቴ ነገሩ ሞገድ ነው። ከአንቴናው ተነሥቶ…»

«ሞገድህን ለአለቃህ አስረዳው!»

«ኧረ በወላዲት! ዛሬ እንኳ ተዉ!» አለች አልታዬ።

ቀጥሎ ያለውን ሞላ የተናገረው ወንድሙን ለማብሸቅ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። «ስልኩ ከደጃፍ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ወዲህ ነው። ልጅቱ ታየናለች? ታየናለች። እናያታለን? እናያታለን። እንግዲያው ቤት ውስጥ ናት። አለቀ!»

«እሺ፣» አለ ዓባይነህ። ከሕፃን ጋር የማይከራከር ሰው የሚለውን እሺ ነበር ያለው። ሞላ ያንን እሺ ያውቀዋል፤ ሲበላው የኖረ እሺ ነው።

የበጉን ራስ ያዘ። እናቱ የምትለው ምርቃት ከአፉ ጠፋ። ቆመ፣ ፈለገ፣ አላገኘውም። የመጣለት ንዴቱ ብቻ ነበር።

«ባለቤቷ፣» አለ፣ «ትኖሪም እንደሆን አትኖሪም እንደሆን እኔ አላውቅም። ይህን ቤት ትጠብቂያለሽ ይሉሻል፤ ስትጠብቂ አላየሁም። በረዶው እርሻውን ሲመታ የት ነበርሽ? መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ልጅቱ ትኑር ትሙት ሳናውቅ ስንከርም የት ነበርሽ? እኔ ልለምንሽ አልመጣሁም። አንዴ ታየሽኝና ዕድሜዬን መሳቂያ አደረግሽው፤ እኔ እበቃሻለሁ። ይህችን ልጅ ልቀቂ!»

እንዲህ ያለ ምርቃት በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም። አልታዬ ግን «አሜን» አለች። ዓባይነህም ተከትሎ «አሜን» አለ። ከስልኩም፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ «አሜን» የሚል ድምፅ መጣ።

አልታዬ እጇን በበጉ ጀርባ አሳረፈች። ዓባይነህ አሳረፈ። ሄለን መዳፏን መስታወቱ ላይ ጫነች፤ መዳፉ ስልኩን ሞላው። የካውያ ጠባሳዋ ታየ፣ የመዳፏ መስመር ሁሉ ታየ። ሞላ ስልኩን ተቀብሎ መስታወቱን ወደ ታች አድርጎ የበጉ ጠጉር ላይ አስተኛው። በጉ ዝንብ እንዳረፈበት ሁሉ ቆዳውን አርገበገበ።

«የስልኩ ንዝረት ነው፣» አለ ዓባይነህ።

ሞላ ገላመጠውና በጉን አረደው።

ቢላዋውን ሳያስቀምጥ ነበር ነገር የተበላሸው። ስልኩ ውስጥ የሄለን ፊት አፏ እንደተከፈተ ደረቀ። ድምፅዋ እየተቆራረጠ መጣ። «… ጠራች… አሁንም እየ… እማዬ…» ከዚያ ጭጭ።

«ኔትወርኩ ነው! አጥሩ ጋ ይሻላል!» አለ ዓባይነህ። በዚያ አካባቢ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አደረገ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ ወደ ውጭ መሮጥ። ስልኩን አፈፍ አድርጎ መወርወሪያውን ሳበው፤ አንድ እግሩ ከደጃፍ ወዲያ አረፈ።

«ቁም!»

ሞላ ደም የነካ እጁን ሰደደና የኮቱን ትከሻ ጨመደደው። እጅጌው ከትከሻው ተርተር ብሎ ተንጠለጠለ።

«ልጅቱን ይዘህ ወዴት ነው የምትወጣው?»

«አያ አብደሃል እንዴ? ስልክ ነው! ስልክ እኮ ነው!»

«በጉ ታርዷል! ውስጥ ናት ተብሏል፣ አሜን ብለሃል! በገዛ እጅህ ልታወጣት?»

«ልጅቱ ያለችው ሪያድ ነው! ፎቅ ላይ ናት! በዚህ ልብህ…»

«በዚህ ልቤ ምን? ጨርሰው! ኩራዙ በለኛ! አንተ አይደለህም ያወጣህልኝ? ሞፈር ጨብጬ ያስተማርኩት አፍ ነው እኮ!»

«እኔ ልጅ ነበርኩ! ልጅ ነበርኩ እኮ አያ!»

«እኔስ ምን ነበርኩ?»

በዚህ መሀል ስልኩ በዓባይነህ እጅ ላይ ሕይወት ዘራ። ምስል የለውም፤ የኡምኩልሱም ጩኸት ብቻ ነበር። «ያረቢ! ድረሱ! ሄለን፣ ወዴት ነው? በረንዳውን ከፈተችው! ወላሂ ከፈተችው!»

አልታዬ ከተቀመጠችበት መነሣት አቅቷት በእጇ መሬቱን ዳሰሰች። ዓባይነህ ከደጃፍ ወዲያ ያለውን እግሩን፣ ማንም ሳያዘው፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መለሰ።

ሞላ ስልኩን ነጠቀው። መሰላሉን ወጣና ቆጡ ላይ ተንበረከከ። እዚያ ላይ ግድግዳውና ቆርቆሮው የማይገናኙበት ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ ጉብታው ይታያል፣ ጉብታው ላይ አንቴናው። ስልኩን ወደዚያ አስጠጋው። ወደ ውጭ ግን አንዲት ጣት አላሳለፈም። ምስሉ ተመለሰ።

የወዲያኛው ስልክ የሆነ ነገር ላይ ተደግፏል። በሩቁ ሄለን ታየች፤ በረንዳው በር ላይ ቆማለች፣ መጋረጃው ይመታታል። ኡምኩልሱም ወገቧን አቅፋ ወደ ኋላ ትጎትታለች።

«ሄለን!» አለ ሞላ፣ በሬ በሚመልስበት ድምፁ። «ሄለን! ምን ትልሻለች?»

ልጅቱ ዞረች። «ምን አሉኝ አያዬ?»

«ሴትዮዋ ምን ትልሻለች ነው ያልኩት!»

እስከዚያች ሰዓት ይህን የጠየቃት አልነበረም። ሐኪሙ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ ብሏታል። እናቷ ጸልዪ ብላታለች። አጎቷ ነርቭ ነው ብሏታል።

«ግቢ ትለኛለች፣» አለች ሄለን። «‹ሄሉዬ፣ መሸ፣ ግቢ› ነው የምትለኝ። በየት ልግባ አያዬ? ሌላ በር የለም። ክፍቱ ይኼ ብቻ ነው።»

ሞላ ሊሳደብ ፈለገ። ማንን እንደሚሰድብ ግን አላወቀም። ልጅቱን ወስዶ እዚያ ግድግዳ ውስጥ የከተተውን ደላላ ይስደብ፣ ቆርቆሮዋን ለብሰው የተኙትን ሁሉ ይስደብ፣ ራሱን ይስደብ።

«ግቢ ካለችሽ ግቢ እንጂ ወዴት ነው የምትወጪው?» ብሎ ጮኸ። «በረንዳ መግቢያ ነው እንዴ? መውጫ ነው! ሴትዮዋ ውጪ አላለችሽም፣ ሰምተሻል? ግቢ ነው ያለችሽ። ገብተሻል! እኔ አስገብቼሻለሁ! በጉ ታርዷል፣ እጅሽን አኑረሻል። እስኪነጋ ከዚህ ቤት ማንም ንቅንቅ አይልም። እኔ አልወጣም፣ እናትሽ አትወጣም፣ ይኼ አጎትሽም ኮቱ ተቀዶ ቁጭ ብሏል። አንቺም አትወጪም! ልማዱን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ዝጊዋ!»

ሄለን አልዘጋችም። መጋረጃውን ይዛ ቆመች። «አያዬ፣» አለች፣ «ያኔ ያዩዋት እውነት ነው? ወይስ እንደሚሉት ርቦዎት ነው?»

ሞላ ወደ ታች አየ። አልታዬ ቀና ብላ ታየዋለች። ዓባይነህ በአንድ እጅጌው ቆሞ ያየዋል። ርቦኝ ነው ለማለት አፉ ለምዷል፤ ሳያስበው ሊወጣ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይቻታለሁ፣» አለ። «መብራት ይዛ ነበር። በሬዎቹም አይተዋታል።» ከዚያ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ጮኸ። «አይቻታለሁ! ሰምተሃል አንተ?»

«ሰምቻለሁ አያ፣» አለ ዓባይነህ።

«ቆንጆ ናት?» አለች ሄለን።

«ከእናትሽ ትሻላለች።»

አልታዬ እያለቀሰች ሳቀች። በስልኩም ውስጥ የሆነ ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ሳግ አልለየም። የበረንዳው በር ተዘጋ። ኡምኩልሱም ቁልፉን ነቅላ ጡቷ ሥር ሸጎጠችውና ስልኩ አጠገብ መጥታ ዘፍ አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ ማዞሯን ረስታለች። ሞላም አላስታወሳትም።

ሄለን ወለሉ ላይ ተቀመጠችና መዳፏን እንደገና መስታወቱ ላይ ጫነች። ሞላ እጁን በሱሪው ጠረገና የራሱን መዳፍ ከላዩ አኖረው። መስታወቱ ይፋጃል። ለምን እንደሚፋጅ ያውቃል፤ ሞኝ አይደለም። ቢሆንም እጁን አላነሣም። በቆርቆሮው ክፍተት አንቴናውን አየ። ከዚያው ከወይራው ቦታ ነው ልጅቱ የምትመጣው። ባሕር አቋርጣ፣ ግድግዳ አልፋ፣ ጠባሳዋ ሳይቀር በአየር ላይ መጥታ ቆጡ ላይ ተቀምጣለች። ይህን ያየ ሰው ደግሞ ኩራዙ አይባልም! ሰው ሁሉ በየኪሱ ይዞት ይዞራል፣ ኳስ ያይበታል፣ ካርድ አለቀብኝ ብሎ ይራገማል፣ አንድ ቀን እንኳ «በስመ አብ!» አይልም። አንዲት ሴት መብራት ይዛ ቆመች ያለ ግን ዕድሜውን ይሳቅበታል። ሊገርማቸው የሚገባውን እየረገጡ የሚሄዱ ከብቶች! ንዴቱ ዓይኑ ድረስ ሞላና መስታወቱ ደበዘዘበት።

«ባትሪው ነው አያ የሚሞቀው፣» አለ ዓባይነህ ከታች። «ትንሽ ብታሳርፈው…»

«ዝም በል! ይህንንም አስረዳኝ አልኩህ?»

ዓባይነህ ቆይቶ የሃሩንን ፓወር ባንክ ይዞ መሰላሉን ሁለት ደረጃ ወጣና አቀበለው።

«ደግሞ ስማ፣» አለ ሞላ ሳያየው። «ሐኪሙ አይቅር። ሁነኛ ሐኪም ይፈለግላት። የምታውቀውን ሰው ሁሉ ለምን፣ እግሩ ላይ ውደቅ፣ ልጅቱን አስመልሳት። ግቢ ተብላለች። አስገባት።»

«እሺ፣» አለ ዓባይነህ። ይህኛው እሺ የተለየ መሰለ። ሞላ ግን አላመነውም።

ሥጋው ተበላ፣ አጥንቱ ተቀበረ። ሄለን ስልኩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተኛች። መስታወቱ ላይ የሚታየው የማያውቁት ቤት ጣሪያ ብቻ ነበር፤ ትንፋሿ ግን ይሰማል። አልታዬ ከመሰላሉ ሥር ተቀምጣ ያንን ትንፋሽ ስትሰማ አደረች።

«አያዬ፣» የሚል ድምፅ ሞላን ከሸለብታው አነቃው። ሄለን ፊቷ ላይ የምንጣፉ ምልክት ታትሞባታል። ከኋላዋ መስኮቱ ወርቅ መስሏል። «ተኛሁ እኮ! ነጋ አያዬ፣ ፀሐይ ወጥታለች። ልነሣ?»

ሞላ በክፍተቱ ወደ ውጭ አየ። ጉብታው ጥቁር ነው። ዶሮ እንኳ በቅጡ አልጮኸም።

ከታች ዓባይነህ አፉን ጠረገና ተነሣ። «እሱ እኮ፣ ሪያድ ወደ ምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ…» አለ።

ሞላ ከቆጡ ላይ ቁልቁል አየው።

ዓባይነህ የተንጠለጠለውን እጅጌውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። «ገና ነው ሄሉ፣» አለ። «አያ እንዳለው ነው። እኛ ቤት ገና አልነጋም።»

ይቅርታ አልነበረም። ሞላም እንደ ይቅርታ አልቆጠረውም። ስልኩን ወደ ክፍተቱ አስጠግቶ፣ የጉብታው ጫፍ እስኪለይ፣ ቂሙንም ልጅቱንም እንደያዘ ተቀመጠ።

«ቆዪ፣» አላት። «ደጁ ሲከፈት እነግርሻለሁ።»